ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ፍሊት

አርብ ዕለት ነው። ገበያው ሞልቶ ፀሐይዋ ከአናት በላይ ቆማለች። አንዲት አሮጊት ዘንቢሏን ከኋላዋ አስቀምጣ ከጎመን ዘር ሻጭ ጋር ትከራከራለች። ከዘንቢሉ አፍ ላይ አንድ የፍሊት ቆርቆሮ ተጋድሟል፤ ትኋን ይገድላል ተብሎ የሚነፋው ዓይነት። ፀሐይ ስላረፈበት እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል።

በዚያ የምታልፍ አንዲት ሴት ቆም አለች። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የተጠጋ ነው፤ ቀኝ እጇ ከክርኑ በታች ጠመም ብሏል። ጎንበስ አለችና ቆርቆሮውን በሁለት ጣቶቿ ነካ አድርጋ እጇን ቶሎ ሰበሰበች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በያዘችው የውኃ ጆግ ውስጥ ነከረች። ቆርቆሮውን እንደ ሕፃን ጠቅልላ ወሰደችና ከተደረደሩት የጨው ጆንያዎች ጥላ ሥር አስቀመጠችው።

ቀና ከማለቷ ሽመል ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«ሌባ! የእናቴን ዕቃ!»

የአሮጊቷ ልጅ ነበር። ሁለተኛው ዱላ የጠመመውን ክንዷን አገኘው። ሴትዮዋ በጉልበቷ ወደቀች፤ ግን አልጮኸችም።

«ምታኝ ልጄ» አለችው። «እሱን ብቻ ከጥላው አታውጣው፤ ግሏል።»

«ኧረ ተዋት አንተ!» አለ ጨው ሻጩ እየሳቀ። «ሐረገ ወይን ናት እኮ። ፍሊት ታስታምማለች።»

«ታስታምማለች?»

«አዎ፣ ትኩሳት ሲይዘው ውኃ ትነክርለታለች።»

ገበያተኛው ሳቀ። አሮጊቷ ግን ነገሩ ገብቷት ወደ ልጇ ዞረች፤ «እጅህ ይቆረጥ! እናትህን የምታህል ሴት!» ብላ ሽመሉን ከእጁ ነጠቀችው። ጎረምሳው አፍሮ አንገቱን ደፋ።

የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ይህን ያየው ወደ አንድ የገጠር ደብር ለንግሥ ሊሄድ መኪና ሲጠብቅ ነበር። ሴትዮዋን ደግፎ አነሣትና በቅርብ ካለ ሱቅ ደጃፍ አስቀመጣት። መኪናው ዘገየ። ተመስገን፣ እንኳንም ዘገየ! ከሐረገ ወይንና ከባለሱቁ ከሰይፈዲን አፍ የሰማው ታሪክ ይህ ነው።

ሐረገ ወይን ያደገችው በአረቄ ቤት ነው። እናቷ አረቄ አውጪ ነበረች፤ ልጅቱም ከእናቷ እንስራውንና መቃውን፣ ጌሾውንና ትዕግሥቱን ወረሰች። ከሁሉም በላይ ግን ዓይኗን ወረሰች። እነሱ ቤት አረቄ በምላስ አይፈተንም፤ ምላስ ከሁለተኛው መለኪያ በኋላ ሁሉንም እሺ ይላል። የሚፈተነው በእሳት ነው። ጥቂት ጠብታ ይፈስና ክብሪት ይጫርበታል። ሰማያዊው ነበልባል ቀጥ ብሎ ከቆመ ሁለት ጊዜ የወጣው፣ ዳገም የሚባለው ደንበኛ አረቄ ነው። ብልጭ ብሎ ከጠፋ ውኃ የገባበት ነው። ለሠርግ አረቄ የሚገዙ ሰዎች ከእስቴና ከስማዳ ሳይቀር ጀሪካናቸውን በአህያ ጭነው ይመጡና «ሐረገ ወይን ትየው» ይሉ ነበር። እሳቱን አይታ ከፈረደች በኋላ የሚከራከራት አልነበረም።

ባሏ ጥጋቡ የሞተውም በዚያው ቤት ነው። ሁለት ጠጪዎች በእርሻ ድንበር ነገር ተነካኩ። አንዱ «አባትህ እኮ በሬ አጥቶ ሚስቱን የጠመደ ነው» አለ። ሌላው ጩቤ መዘዘ። ጥጋቡ ሊገላግል መሐል ሲገባ ጩቤው ከጎድኑ ሥር ገባ። ሲወድቅ የአረቄውን እንስራ ይዞ ወደቀ፤ ከበላዩ ያለው ኩራዝም ተከትሎት ወረደ። ወለሉ በሙሉ በሰማያዊ ነበልባል ተሸፈነ። ሐረገ ወይን ልጇን ኢዮብን እንዳዘለች ባሏን በሁለት እግሮቹ ጎትታ አወጣችው። ፀጉሩ እየነደደ ነበር። በነጠላዋ አዳፍና ስታጠፋለት ዓይኖቹ እሷን እያዩ ቀሩ።

አርባው እንደ ወጣ ምሳር አንሥታ እንስራዎቹን ሁሉ ሰባበረች። የገዳዩ ዘመዶች ደንጊያ ተሸክመው፣ ካህናትን አስቀድመው ለዕርቅ ሲመጡም ደጇን ከፈተችላቸው። የባሏ ወንድሞች በጣም ተቆጡ።

«የወንድማችንን ደም ውሻ ይላሰው ብለሽ ነው?»

«የለም» አለች። «ልጄን ደም እንዲያሳድግብኝ አልፈልግም።»

ቃሏን ጠበቀች። ኢዮብ የአባቱን ገዳይ ስም ሳያውቅ አደገ። ንፋስ መውጫ ሄዶ ባጃጅ መንዳት ያዘ፤ እናቱም አርብ ገበያ ላይ ከሰይፈዲን ሱቅ ደጃፍ ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግታ መሸጥ ጀመረች።

ሰይፈዲን ከእሷ የሚያንስ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ከአባቱ የወረሰው ሱቅ ውስጥ ከሳሙና እስከ ሚስማር የማይገኝ ነገር የለም። ትኋን አገሩን ባስመረረበት ዓመት ሦስት ዓይነት ፍሊት ከከተማ አስመጣ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ነጭ። መጀመሪያ የሸጠው ነጩን ነበር። አርብ በመጣ ቁጥር ስሞታ ነው።

«አንተ ሰይፈዲን፣ የሸጥህልኝ ውኃ ነው! ትኋኑ ገላውን ታጥቦበት ወፈረ እንጂ አንድም አልሞተ።»

«እኔን ምን ታደርገኛለህ» ይላል ሰይፈዲን። «ትኋንህ ጾመኛ ነው መሰለኝ፤ የሰጡትን አይቀምስም።»

ሐረገ ወይን ከሽንኩርቷ ኋላ ሆና ስትስቅ ቆየችና አንድ ቀን ተነሣች። «ክብሪት አለህ?» አለችው።

ደንጊያ ላይ ጧፍ አበራች። ቀዩን ፍሊት አነሣችና ራቅ ብላ ወደ ጧፉ ነፋች። ጧፉ ጉ! ብሎ የክንድ ያህል የእሳት ምላስ ተዘረጋ። የከበባት ሰው ተገፋፍቶ ወደ ኋላ አለ፤ ከዚያ አጨበጨበ። አረንጓዴውን ስትነፋ ጧፉ አጠገብ እስክትደርስ ድረስ እሳት አልያዘም። ነጩ ጭራሽ ጧፉን አጠፋው።

«በቃ፣ ታወቀ» አለች። «ነጩ ውኃ ነው። አረንጓዴው መናኛ ነው። ይኸ ቀዩ ግን ዳገም ነው! እዩ፣ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው የእሳት ሥዕል አድርገውበታል።»

እውነትም ከቆርቆሮው ጀርባ ቀይ መስመር የተከበበች ትንሽ ነበልባል ተሥላበት ነበር።

«እታለም» አለ ሰይፈዲን በሹክሹክታ፣ «ለእኔ እኮ አረቄ መንካት ሐራም ነው።»

«አረቄ ነው አልሁህ? ፍሊት ነው።»

«ዕቃው ፍሊት ነው፤ ነገርሽ ግን ሁሉ የአረቄ ነው።»

ሳቁባት፤ ግን አመኗት። ከዚያ ወዲያ ገበሬው ሁሉ «ሐረገ ወይን ያየችው የቱ ነው?» እያለ ቀዩን ብቻ መጠየቅ ያዘ። እሷም አርብ አርብ ጧፏን እያበራች ታሳያለች። ድሮ ለአረቄ የነበራት ክብር ተመለሰላት። ይህም ደስ ያሰኛት ነበር፤ ደስታዋንም እንደ በረከት ቆጥራ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ታመሰግንበት ነበር።

ይስማው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከስማዳ አዋሳኝ የሚያርስ፣ ቁመተ ረዥም፣ ንግግሩ ጥቂት የሆነ ገበሬ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ታናሽ ወንድሙን ፊልጶስን እንደ አባት ሆኖ ያሳደገው እሱ ነው። ፊልጶስ ከመንደሩ በታች ባለው ደብር የድጓ ተማሪ ነበር፤ ሊመረቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የሚያድርባት የሣር ጎጆ ግን ትኋን የወረራት ነበረች።

«ገላው ቆስሏል» አለ ይስማው። «ቀን በዜማው መሐል ያንቀላፋል፤ የኔታ ይቆጡታል።»

«እንግዲያ ዳገሙን ውሰድለት» አለችው ሐረገ ወይን። ጧፏን አብርታ ነፋችለት። የእሳቱን ምላስ ሲያይ ይስማው በደስታ ራሱን ነቀነቀ። «በሩን ዝጉና ቆርቆሮው እስኪያልቅ ንፉት። ጉልበቱ እንዳይወጣ ሽንቁሩን ሁሉ በጭድና በጭቃ ድፈኑ።»

ይስማው ሁለት ገዛ። አንዱ ለወንድሙ፣ አንዱ ለራሱ ቤት። ሐረገ ወይን መርቃ ሸኘችው፤ «ለወንድም የሚያስብ ይባረክ» አለችው።

ፊልጶስ የታዘዘውን አንድም ሳያጎድል ፈጸመ። ሽንቁሩን ደፈነ፤ ከጣራው እስከ መደቡ ነፋ፤ ከውጭ በሩን ዘጋ። አመሻሹ ላይ ይስማው ስንቅ ይዞለት መጥቶ ከየኔታ ጋር ከወይራው ሥር ተቀምጦ ነበር። ፊልጶስ የነገውን ማኅሌት ልከልስ ብሎ ተነሣ። በሩን ከፍቶ ገባ፤ መልሶ ዘጋው።

ክብሪቱ ሲጫር ማንም አልሰማም። የተሰማው እንደ መድፍ ያለ ድምፅ ነው። የጎጆዋ ጣራ እንደ ቆብ ወደ ላይ ተነሣ፤ በሩ ተገንጥሎ ወይራውን መታ። ተኩስ መስሏቸው ተማሪዎቹ መሬት ላይ ተነጠፉ። ከዚያ ከእሳቱ መሐል ሰው ወጣ። ነጠላው፣ ፀጉሩ፣ እጆቹ ሁሉ እየነደዱ ነበር፤ እየሮጠም በአፉ የጀመረውን ዜማ የሚጨርስ ይመስል ነበር። ይስማው ጋቢውን ዘርግቶ ተወረወረበት። መሬት ላይ አንከባለለው። ጋቢውን ሲያነሣ የወንድሙ የእጅ ቆዳ አብሮት ተነሣ።

በቃሬዛ ወደ ሐኪም ሲወስዱት ፊልጶስ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ አለ።

«ወንድምዬ፣ ጧፍ ነው ያበራሁት። ሌላ ምንም አላጠፋሁም።»

የገበያው ከተማ ጣራዎች ሳይታዩ ሞተ።

የሚቀጥለው አርብ ይስማው ምሳር ይዞ መጣ። ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ቀጥ ብሎ ወደ ሰይፈዲን ሱቅ ገባና የመጀመሪያውን ምት በባንኮኒው ላይ አሳረፈ፤ ሁለተኛውን በመደርደሪያው ላይ። ሦስተኛው ሰይፈዲንን ትከሻው ላይ ቀደደው። ቆርቆሮዎቹ እየተንኳኩ ወደ ገበያው ተንከባለሉ።

«ወንድሜን በላህብኝ!»

ሰው ተሰበሰበ። የፊልጶስን አሟሟት ያልሰማ አልነበረም። አንድ ድምፅ ከኋላ ጮኸ፤ «አውቆ ነው! እሱ ለቄስ ተማሪ ምን ገዶት!» ይህ ቃል ክፉ ነበር። አብሮ የኖረ ሰው ባንድ አፍታ ባዕድ ሆነ። የመጀመሪያው ደንጊያ የሱቁን መስኮት ሰበረ፤ ሁለተኛው የሰይፈዲንን ግንባር። በግርግሩ የሻይ ሻጭ የከሰል ማንደጃ ተገለበጠ፤ አንድ ቀይ ፍሊት ተንከባሎ ፍሙ ላይ ገባ። ማንም ልብ አላለውም። ሲፈነዳ የቆርቆሮው ሽራፊ የአንዲት በቅሎ አንገት ቆረጠ። ተኩስ ነው ብሎ አንዱ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሰው በሰው ላይ ተረማመደ፤ ሕፃናት ተረገጡ።

ሐረገ ወይን ሽንኩርቷን ጥላ በሱቁ ደረጃ ላይ ቆመች።

«ተዉት!» ብላ ጮኸች። «እሱ ምንም አላለም! ቀዩን ውሰዱ ያልሁ እኔ ነኝ! በሩን ዝጉ ያልሁት እኔ ነኝ! ይስማው፣ ዓይኔን እየኝ፤ ማን ነው የነገረህ?»

ይስማው አያት። አወቃት። ምሳሩን በደንደሱ በኩል አዙሮ ክንዷን መታት፤ አጥንቷ ሲሰበር የቆሙት ሁሉ ሰሙት። ደግሞ አነሣው። ይኼኔ ሰይፈዲን፣ ግንባሩ እየደማ፣ ከሱቁ ተንፏቆ ወጣና በላይዋ ላይ ወደቀባት። ደሙ ፊቷን አለበሳት። ምሳሩ አየር ላይ እንዳለ ሚሊሻዎች ደርሰው ይስማውን ከኋላው ያዙት።

እየጎተቱ ሲወስዱት ዞሮ አየና ድምፁን ሳያነሣ ተናገራት።

«አንችን አልገድልሽም። ደም በሴት አይመለስም። ወንድ ልጅ አለሽ አሉ።»

ሐረገ ወይን ያን ጊዜ የተናገረችው እውነት ምን ያህል እንደሚያስከፍላት ተረዳች። ሰይፈዲንን ከሞት አድናለች፤ በፋንታው ኢዮብን አሳልፋ ሰጥታለች።

ይስማው ጥቂት ታስሮ ተለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ኢዮብ ከንፋስ መውጫ ዳር ሰው አውርዶ ሲመለስ ጥይት የባጃጁን ሸራ ከኋላ ቀዶ ከጆሮው ሥር አለፈ። ባጃጁ ተገልብጦ ቦይ ውስጥ ገባ፤ መንጋጋው ተሰበረ። ማን እንደተኮሰ ያየ የለም። ያላወቀም የለም። ኢዮብ ከዚያ ወዲህ ከዘመድ ቤት ተደብቆ ይኖራል፤ አፉ ታስሮ ሾርባ በቀጭን ቱቦ ይመጥጣል። አጎቶቹ ጠመንጃ ልከውለታል። እናቱ «እንዳትነካው» ብላ ገዘተችው። እስካሁን አልነካውም፤ ነገን ግን ማን ያውቃል?

በምርመራው ጊዜ ፖሊስ ርብቃ የምትባል ወጣት ባለሙያ ከከተማ አስጠራ። ሥራዋ እንዲህ ያሉ የሚነፉ ቆርቆሮዎች እሳት እንዴት እንደሚይዙ መፈተሽ ነው። ሐረገ ወይን ክንዷን ወጌሻ በቀርከሃ አስሮላት ለምስክርነት ተጠርታ ከጣቢያው ግቢ ግድግዳ ሥር ተቀምጣ ነበር። ርብቃ ነፋስ የማይነፍስበት ክፍል መርጣ አየሩ እንዳይታፈን በሩን ክፍት አስደረገች፤ ጠረጴዛ ላይ ሻማ አበራች፤ ከሻማው ጀምሮ መለኪያ ዘረጋች። ቀዩን ፍሊት ክንድ ተኩል ከሚሆን ርቀት ነፋች። እሳቱ ጉ! ብሎ ወደ እሷ ተመዘዘ። አረንጓዴው ስንዝር ያህል እስክትጠጋ እሳት አልያዘም። ነጩ በተዘጋ ቦታ ይነድድ እንደሆነ ለማየት በርሜል አጋደመች፤ ሻማ ውስጡ አድርጋ አፉን ከደነችና በትንሽ ቀዳዳ ነፋች። ጠበቀች። አልተያያዘም።

በተከፈተው በር ስታይ የቆየችው ሐረገ ወይን በምሬት መሳቅ ጀመረች። 

«ምነው እማማ?» አለች ርብቃ።

«እኔም እኮ ይህንኑ ነው ያደረግሁት። ጧፍ አበራሁ፣ ነፋሁ፣ ሦስት ቦታ ለየሁ።»

ርብቃ ሻማዋን አጠፋችና አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች። «አዎ፣ ነግረውኛል። ፍተሻው አልተሳሳተም። እኛም በዚሁ ተራ ነው የምንደረድራቸው። ግን እኛ የምንደረድረው እንዲፈሩ ነው። ቀዩ እጅግ ተቀጣጣይ ይባላል፤ ከዚያ የከፋ የለም። የሚነደው እኮ ትኋን ገዳዩ አይደለም፤ መድኃኒቱን ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ ነው። ከማብሰያ ጋዝ ጋር አንድ ዘር ነው። በተዘጋ ቤት ሲታቆር ክብሪት ይጠብቃል።»

«የእሳቱ ሥዕልስ?»

«ሽሹ ማለት ነው።»

ሐረገ ወይን አረቄ ቤት ውስጥ ስታድግ እሳት የጥሩ ነገር ምስክር ነበር፤ ለሌላ ነገር ሊመሰክር ይችላል ብላ አስባ አታውቅም።

«ነጩስ?» አለች። «እሱስ ደህና ነው?»

«ከሻማው ደህና ነው። ግን ማንኛውም ቆርቆሮ የታመቀ ነው። ፀሐይ ላይ ወይም እሳት አጠገብ ካቆዩት ይፈነዳል። ቀዩ ሲፈነዳ ደግሞ እሳት ይዞ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐረገ ወይን አርብ አርብ እንደገና ጧፍ ታበራለች። አሁን ግን እሳት የሳበውን ቆርቆሮ ለይታ «ይህን ወደ ቤት አታስገቡ» ትላለች። ሰይፈዲን ትከሻው ከዳነ ወዲህ ቀዩን ጭራሽ አያስመጣም፤ ሱቁ ውስጥም ፍሊት ከጥላ አይወጣም። ገበሬው ግን ቶሎ አልተመለሰም። «ትናንት ዳገም ያልሽው ዛሬ ሰይጣን ሆነ?» እያለ ይዘብትባትና ከሌላ ቦታ ቀዩን ይገዛል። እሷ ግን ማስተማሩን አልተወችም። የነገረቻቸውን አምነው በር ከፍተው የሚነፉ፣ እሳት አርቀው የሚያስቀምጡ ሰዎች እየበዙ ነው። ለእያንዳንዳቸው ታመሰግናለች።

ሽማግሌዎች ወደ ይስማው ሁለት ጊዜ ሄዱ። ሁለቴም ከደጅ መለሳቸው፤ በሁለተኛው ግን ውስጡን ማየት ችለው ነበር። መጥተው ነገሯት።

«ልቡ ደንጊያ ሆኗል» አሏት። «የሟቹን የተቃጠለ ነጠላ ምሰሶው ላይ ሰቅሎታል። ሁለተኛውን ቀይ ፍሊትም አብሮ አስሮታል፤ የወንድሜ ገዳይ ነው ብሎ። ደሙ ሳይመለስ አይወርድም ሲል ምሏል።»

የሟችን ደም የነካ ልብስ እስኪበቀሉ ሰቅሎ ማቆየት ከድሮም ያለ ነው። ሐረገ ወይን ግን ከነገሩ ሁሉ ሌላውን ሰማች።

«ፍሊቱ ከምድጃው ምን ያህል ይርቃል?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። «ስለ ልጅሽ ነፍስ ስንነግርሽ ስለ ምድጃ ትጠይቂናለሽ?»

«ንገሩኝ!»

«ከበላዩ ነው፤ ጢሱ ላይ። ነጠላው ጠቁሯል።»

«ፍሊቱ ተነፍቶ ያውቃል?»

«እንዴት ተደርጎ! እንዳለ ነው።»

የይስማው ሚስት ፍቅርተ አራስ ናት። ትልልቆቹም ልጆች የሚተኙት ከዚያው ምድጃ ዙሪያ ነው። ሐረገ ወይን ሽማግሌዎቹን ተመልሰው እንዲነግሩት ለመነቻቸው፤ እምቢ አሉ። «የደም ምልክቱን ልታስጥለው ተንኮል ላከች ይላል፤ ነገሩ ይብሳል» አሉ። ራሷ ሄደች። ከአጥሩ ሳትደርስ ውሻ ለቀቀባት፤ ከራሷ በላይም ተኮሰ። ውሻው ባቷን ቦጭቋት እያነከሰች ተመለሰች።

ሰይፈዲን ታሪኩን እዚህ ላይ ሲያደርስ ዓይኖቹን በኩታው ጠረገ። «እኔ ልሂድ አልኋት» አለ። «አንተን ገና ከሩቅ ሲያይህ ነው የሚተኩስብህ አለችኝ። ውሸቷን አይደለም።»

መኪናው መጣ። ጡሩምባው ገበያውን አወከው። ጸሐፊው ስንቁን አንሥቶ ለመሰናበት ሲቆም ሐረገ ወይን በጠማማው እጇ የነጠላውን ጫፍ ያዘችው። የተመታችው ትከሻ አብጦ ነበር።

«ወንድሜ፣ ለንግሥ የሚሄዱት ወደ የት ነው?» አለችው።

ነገራት። ፊልጶስ ድጓ የተማረበት ደብር ነበር። ይስማውም በንግሥ ዕለት ከዚያ አይቀርም።

«እንግዲያ እግዚአብሔር ነው ያቆየዎት» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እርስዎን አያውቅዎትም። የማንም ወገን አይደሉም። ታቦቱ ሲገባ ጠብቀው ብቻውን ያግኙት። የኢዮብን ስም እንዳያነሡበት፣ አደራ፤ ካነሡ ስለ ልጇ የላከችው ነው ብሎ ጆሮውን ይደፍናል። የኢዮብን እኔና እመቤቴ እንያዘው። ምሕረት አይለምኑልኝ። ይቅር በላትም አይበሉት።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«ደምህን ያዝ ይበሉት። ነጠላውንም ፍሊቱንም አትጣል። ግን ፍሊቱን ፍቅርተ እሳት ሳታነድ ከምድጃው አውርደውና ከቤት ውጭ፣ ጥላ ያለበት ስቀለው። እዚያም ሆኖ ምልክት ነው፤ ማንም አይነካብህም ይበሉት። እባክዎ ወንድሜ፣ ይህን ብቻ ይንገሩልኝ።»